ቀለበቱ የወለቀበት ዕለት፦ ከመዲና እስከ ባሶ ገበያ፣ ከባሶ እስከ ኪሳችን



በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ለቅሶ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህን አይቷል። በር ላይ ድንኳን ተተክሏል። ሽማግሌዎቹ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ለሟች ዱዓ ያደርጋሉ። ጎረቤቱ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ እየገባ «አላህ ያጽናችሁ»፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል። እኛ ወጣቶቹ በአንድ ጥግ አንገታችንን ደፍተናል። ከሩቅ ለሚያየን ሐዘን ያጎበጠን እንመስላለን፤ ያጎበጠን ግን ስልክ ነው። እዚያው ተቀምጠን፣ ስለዚያው ሟች በተለጠፈው ፎቶ ሥር «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» ብለን እንጽፋለን። የሟቹ ልጅ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጧል። ለእሱ አንድም ቃል አላልነውም።

ስልክ ሐራም ነው ለማለት አልተነሳሁም። ይህንን ጽሑፍ የምታነቡትም በስልክ ነው። የማነሳው ጥያቄ ሌላ ነው፦ የሩቁን ሰው የሚያገናኘን ዕቃ የቅርቡን ሰው ሐቅ ሲበላ ምን እናድርግ? ጥያቄው የዘመናችን ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በኢስላም ታሪክም፣ በዚሁ በጎጃም ምድር ባለፉት አባቶቻችን ታሪክም ውስጥ መልስ አለው። ከመዲና እንጀምርና በነጃሺ ቤተ መንግሥት በኩል ወደ አባይ ዳር እንምጣ።

ሁለት የቀለበት ታሪኮች

ከሑደይቢያ ስምምነት በኋላ፣ በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ መጨረሻና በ7ኛው መጀመሪያ ገደማ፣ ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ለዘመኑ ነገሥታት ደብዳቤ ላኩ። ለሮሙ ቄሣር፣ ለፋርሱ ኪስራ፣ ለግብጹ ሙቀውቂስ፣ ለእኛም አገር ነጃሺ ተጻፈ። የሐበሻውን ደብዳቤ ይዘው የመጡት ዐምር ኢብኑ ኡመያ አድ-ደምሪ (ረ.ዐ) ነበሩ። ደብዳቤዎቹ ሊላኩ ሲሉ ሶሓቦች አንድ ነገር አሳሰቡ፤ ነገሥታት ማኅተም የሌለበትን ደብዳቤ አያነቡም። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) የብር ቀለበት አሠሩ። በላዩ ላይ ሦስት ቃል በሦስት መስመር ተቀረጸ፦ ሙሐመድ፣ ረሱል፣ አላህ። ይህን ኢማሙ ቡኻሪ ዘግበውታል።

ልብ በሉ፤ ያ ቀለበት ጌጥ ብቻ አልነበረም። የመልእክት ዕቃ ነበር። በዘመኑ ሩቅ አገር ካለ ሰው ጋር መገናኘት የሚቻለው በደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤውም የሚታመነው በማኅተሙ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የጊዜያቸውን የመገናኛ መንገድ አልናቁም። ተጠቀሙበት።

ሁለተኛውን ታሪክ ደግሞ ኢማሙ ነሳኢ ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ዘግበውታል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ቀለበት አድርገው ከሶሓቦቻቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው አንዴ ወደ ቀለበቱ፣ አንዴ ወደ ሶሓቦቻቸው እንደሚሄድ ተሰማቸው። ይህ ቀለበት ከእነሱ እንዳዘናጋቸው ነገሯቸውና አውልቀው ጣሉት። ይህኛው ቀለበት ያ የማኅተሙ ቀለበት ነው ማለቴ አይደለም፤ ዘገባዎቹ ሁለት ናቸው። ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ግን አንድ ትልቅ አደብ ይታየናል። ለሩቁ ሰው ሲባል ቀለበት ይደረጋል። ለቅርቡ ሰው ሲባል ቀለበት ይወልቃል።

በዚያ መቀመጫ ላይ ማንም አላጉረመረመም። ከሶሓቦች መካከል «ምነው፣ እኛን አላዩንም» ያለ በዘገባው ውስጥ የለም። ቀድመው ያስተዋሉት ራሳቸው ናቸው። ደግሞም ቀለበት ድምፅ የለውም፤ አይበራም፤ አይንቀጠቀጥም፤ «አዲስ መልእክት አለዎት» አይልም። ዝም ያለች ብረት የሰረቀቻት ግማሽ እይታ ይህን ያህል ከከበደቻቸው፣ በየደቂቃው ስሙን እየጠራ የሚወስደን ስልክ እንዴት አይከብደን?

እይታ በአላህ ዘንድ እንደሚቆጠር ከሱረቱ ዐበሰ እናውቃለን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለቁረይሽ ታላላቆች ዳዕዋ እያደረጉ ሳለ ዓይነ ስውሩ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ) ሊማሩ መጡ። ረሱል ፊታቸውን ወደ ታላላቆቹ አደረጉ። ምክንያቱ መልካም ነበር፤ እነዚያ ቢሰልሙ ብዙ ሰው ይከተላቸዋል። ሆኖም በዚህ ላይ የአላህ ወቀሳ ወረደ፤ እስከ ቂያማም የሚቀራ ቁርኣን ሆነ። ዐብዱላህ (ረ.ዐ) ፊት ሲዞርባቸው አላዩም፤ አላህ ግን አየላቸው። ከዚያ በኋላ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ያከብሯቸው ነበር፤ ከመዲና ሲወጡም በእሳቸው ቦታ ተክተዋቸው የሄዱባቸው ጊዜያት አሉ።

የማኅተሙ ቀለበት መጨረሻም ይታወቃል። ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በኋላ በአቡበክር፣ ከዚያ በዑመር፣ ከዚያ በዑስማን (ረ.ዐ) እጅ ነበር። በዑስማን ዘመን አሪስ በተባለው ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ሦስት ቀን ተፈለገ፤ አልተገኘም። ዕቃው ጠፋ። ከእነዚያ መቀመጫዎች የተሰማው ሐዲስ ግን አልጠፋም፤ ተናጋሪው ሙሉ ፊታቸውን ሰጥተው ስለተናገሩ፣ ሰሚዎቹም ሙሉ ጆሯቸውን ሰጥተው ስላዳመጡ እኛ ዘንድ ደረሰ።

ስጦታውን የመለሰው ንጉሥ

ሙሉ ጆሮ ምን እንደሚሠራ የሚያሳየው ሌላው ታሪክ የተፈጸመው በእኛው ምድር ነው። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ሶሓቦች ከመካ ስደት ሸሽተው ወደ ሐበሻ መጡ። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ከኋላቸው ላኩ። ዐምር በዚያን ጊዜ ገና አልሰለሙም ነበር። ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ በሐበሻ የሚወደደውን የመካ ቆዳ ጭነው መጡ። መጀመሪያ ለቤተ መንግሥቱ ሰዎች አንድ በአንድ ስጦታ አከፋፈሉ፤ ከዚያ ለንጉሡ አቀረቡ። የቤተ መንግሥቱ ሰዎችም «ስደተኞቹን አሳልፈህ ስጣቸው» አሉ።

ነጃሺ እምቢ አለ። ስጦታው ፊቱ ተዘርግቶ ሳለ፣ የእነዚያን የተገፉ ሰዎች ቃል ከራሳቸው አፍ ሳልሰማ አሳልፌ አልሰጥም አለ። አስጠራቸው። ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ተነሥተው ተናገሩ፤ ከሱረቱ መርየምም ቀሩለት። ንጉሡ ጺሙ እስኪርስ አለቀሰ። ስጦታውም ለባለቤቶቹ ተመለሰ። ይህን የነገሩን በቦታው የነበሩት እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናቸው።

የመጀመሪያዋ የሙስሊሞች መጠጊያ የተገኘችው አንድ ሰው ፊቱ የተዘረጋውን የሚያምር ነገር ወደ ጎን ብሎ ፊቱ የቆመውን ሰው ስላዳመጠ ነው። ኢስላም በዚህ አገር የገባበት በር ይህ ነው።

መሬት ያጣ ሰው በእግሩ ይኖራል

ከነጃሺ ዘመን ከሺህ ዓመት በላይ ተሻግረን ወደ ጎጃም እንምጣ። በክርስቲያኑ መንግሥት ዘመን ሙስሊም ርስት አይይዝም ነበር። በ1668 እ.ኤ.አ. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ ጎንደር ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወስኗል። መሬት ያጣ ሰው በእጁና በእግሩ ይኖራል። አባቶቻችን ሸማኔ ሆኑ፤ ሲራራ ነጋዴ ሆኑ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአገሪቱ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ በምሥራቅ ጎጃም፣ የጁቤ አጠገብ የነበረው ባሶ ነው። ከሰሜን አሞሌ ጨው ይወርዳል። ከአባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣል። ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር፤ ይህን የታሪካችንን ጠባሳ መደበቅ አይገባም። ከባሶ ትይዩ፣ ከአባይ ማዶ፣ የጉድሩው አሰንዳቦ ገበያ ነበር። መንገዱ ከዚያ አልፎ እስከ እናርያ፣ እስከ ሰቃ ይዘልቃል። በምዕራብ በኩል ደግሞ ቡሬ ከአባይ ማዶ ካለው አገር ጋር ትገበያይ ነበር። ዛሬ ከቡሬ ተነሥቶ አባይን አቋርጦ ነቀምት የሚገባው መንገድ የዚያ የድሮው ግንኙነት ልጅ ነው።

የሲራራ ነጋዴ ኑሮ እንዴት እንደነበር አስቡት። ብቻውን አይሄድም፤ ሽፍታ አለ። ጓደኛ እስኪሰበሰብ ይጠብቃል። ክረምት ሲገባ አባይ ይሞላል፤ ጎርፉ እስኪጎድል ማዶ የሄደ ማዶ ይቀራል። ከባሶ የወጣ ሰው ሰቃ መድረሱን ቤቱ የሚሰማው ሌላ ነጋዴ ሲመለስ ነው። መልእክት አማና ነበር። የሚደርሰውም በሰው እግር፣ በሰው አፍ ነው።

መልእክተኛው ሲመጣ ደጅ ላይ ቆሞ ወሬውን ወርውሮ አይሄድም። «ግባ» ይባላል። እግሩ ይታጠባል። ይበላል፣ ይጠጣል። ስለ ጤና፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ መልእክቱን ይናገራል፤ ቤተሰቡም ዙሪያውን ከቦ ያዳምጣል። ሁለተኛ ጊዜ የሚሰማበት መንገድ ስለሌለ ማንም ልቡን ሌላ ቦታ አያስቀምጥም።

ከሁሉ የሚበልጠው መርዶ ነበር። ሰው በሩቅ አገር ሲሞት መርዶው በዘፈቀደ አይነገርም። አስቀድሞ ዘመድና ጎረቤት በስውር እንዲያውቅ ይደረጋል። ማለዳ ተሰብስበው ይመጣሉ። ባለቤቷን ያጣችው ሴት ቃሉን ስትሰማ የሚደግፋት ክንድ አጠገቧ አለ። ይህ ወግ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ነው፤ ከወግም በላይ ርኅራኄ ነው። ዛሬ እናት የልጇን ሞት ከፌስቡክ ፎቶ የምታውቅበት ጊዜ መጥቷል፤ ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን ሳያጠልቁ «ነፍስ ይማር» የሚለው አስተያየት መቶ ደርሷል። ቸኩሎ የለጠፈው ልጅ ክፉ አልነበረም። መጀመሪያ ማን ፊት መቆም እንዳለበት ግን አላሰበም።

አሁን ወደ ታሪኩ ዋና ነገር እንምጣ። እነዚያ ነጋዴዎች በጊቤ ወንዝ ዙሪያ ወደነበሩት መንግሥታት፣ ወደ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማና ጉማ፣ ከጨው ጋር ዲናቸውንም ይዘው ሄዱ። የእናርያው ገዥ አባ ባጊቦ ከ1825 እስከ 1861 እ.ኤ.አ. ሲገዛ ሙስሊም ነጋዴዎች በአገሩ ተከብረው ይኖሩ ነበር፤ እሱም ሰልሟል። በአካባቢው ኢስላም የተስፋፋው በብዛት በነጋዴዎችና በዑለማዎች እጅ ነው። በእጃቸው የሚታተም መጽሐፍ አልነበረም። ድምፅ ማጉያ አልነበረም። የነበራቸው ወር ሙሉ በሰው አገር ተቀምጦ ሰው ጋር ማውራት፣ አብሮ መብላት፣ ሲሰግዱ መታየት፣ ሚዛን ሳያጎድሉ መሸጥ ነው። ሰዎቹ ያዩት ሰውን ነው፤ በሰውየው ውስጥ ዲኑን አዩ።

በዚሁ ጊዜ በአገራችን ብዙ ዓመት የቆየው ፈረንሳዊው ተጓዥ አንትዋን ዳባዲ በ1843 እ.ኤ.አ. እናርያ ደርሷል። ያልረገጣቸውን አገሮች መንገድና ስም የመዘገበው መንገደኞችንና ነጋዴዎችን እየጠየቀ ነበር። ለአውሮፓ የደረሰው የዚያ ዘመን የካርታ ዕውቀት ከፊሉ የተገኘው ተቀምጦ ከማዳመጥ ነው።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

ከዚያ ዘመን የተረፈልን አንድ የመቀማመጫ ሰዓት አለ፤ ቡና ነው። ዛሬ ቡና ያልተፈላበት የጎጃም ሰፈር የለም። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ግን በሰሜኑ ክርስቲያን ዘንድ ቡና «የእስላም መጠጥ» ተብሎ ይራቅ ነበር። በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው ነገሩ እየላላ የመጣው። የእኛ ሰዎች ጀበና ዛሬ የጎረቤቱ ሁሉ ጀበና ሆነ። ክርስቲያኗ ጎረቤታችን በጾም ቀን ቡና አፍልታ ስትጠራን፣ እኛም በዒድ ስንጠራት፣ ያ የድሮው መለያየት በስኒ እንደተሻረ እናያለን።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚሉትን ስሞች ብዙ ሰው ከዐረብኛ ጋር ያያይዛቸዋል፤ አቦልን ከ«አወል»፣ ቶናን ከ«ሣኒ»፣ በረካን ከ«በረካህ» ጋር። ቃሉ እንዳለ ሆኖ ሥርዓቱ ራሱ ትምህርት ነው። ቡናው እስኪቆላ፣ እስኪወቀጥ፣ ሦስቴ እስኪወርድ ድረስ ማንም አይነሳም። በአቦል የአገር ወሬ ይወራል። በቶና የቤት ወሬ ይመጣል። ልብ ውስጥ ያለው ነገር፣ የታመመው፣ የተበደለው፣ የተቸገረው፣ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በሦስተኛው ነው። በረካውም ያለው እዚያ ነው። በአቦል ስልኩን ያወጣ ሰው በረካ ላይ አካሉ ብቻ ይገኛል። እናቱ ልትነግረው የነበረውን ነገር ትውጠዋለች፤ ስኒዎቹንም ሰብስባ ትነሳለች።

ስልኩ ሲመጣ

ቴሌፎን አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ የኢትዮጵያ ቴሌኮም ታሪክ የሚቆጠረው ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ገጠሩ ዘንድ ለመድረስ ግን ረጅም ዕድሜ ወሰደ። ለብዙው ሰው እስከ ቅርብ ጊዜ መገናኛው ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤ ሲመጣ ፊደል የቆጠረ ልጅ ይጠራል፤ ቤተሰቡ ይሰበሰባል፤ ልጁ ጮክ ብሎ ያነባል። ስሙ የተጠቀሰ ሁሉ «አለሁ» ይላል። አንድ ወረቀት አንድ ቤት ሰው ይሰበስብ ነበር።

ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ጀመረ። ከዚያ ወደ ክልል ከተሞች፣ ከከተማም ወደ ቀበሌው ወረደ። ዛሬ ቡሬ ገበያ በርበሬና በቆሎ የሚያወርድ ገበሬ ዋጋውን ከቤቱ ሳይነሳ ይጠይቃል። ሪያድ ወይም ዱባይ ያለች እህት ለእናቷ በየጁሙዓው ትደውላለች። ይህ ኒዕማ ነው፤ ኒዕማን የሚክድ አመስጋኝ አይደለም።

ኒዕማነቱን የተረዳነው ደግሞ ባጣነው ጊዜ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። ውጭ አገር ያለ ልጅ የቤተሰቡን ድህንነት ሳያውቅ የሚያድርበት ጊዜ ነበር። ያ ጊዜ በጭንቀትና በሐዘን የተሞላ ስለነበር «ደግ ጊዜ» የሚለው አይገኝም። አንድ ነገር ግን አሳየን፦ ስልክ የሚያስፈልገን የሩቁን ሰው ለማግኘት ነው። ድምፁን ለመስማት ያን ያህል የናፈቅነው ሰው ተመልሶ ቤታችን ገብቶ አጠገባችን ሲቀመጥ፣ ስልካችንን የምናይ ከሆነ ናፍቆታችን ምን ነበር?

ቁጥራችን ትንሽ ነው

ይህ ነገር ለሁሉም ወጣት ይሠራል። ለእኛ ለምዕራብ ጎጃም ሙስሊሞች ግን ተጨማሪ ክብደት አለው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በዞናችን የሙስሊሙ ቁጥር ከመቶ ሁለት አይሞላም። ብዙ ሙስሊም ባለበት ከተማ አንድ ሰው ከጀነዛ ቢቀር መቅረቱ አይታወቅም። እዚህ ይታወቃል። ገጠር ያለ አንድ ሙስሊም ቤተሰብ አባቱ ሲሞትበት አጥቦ፣ ከፍኖ፣ ሰግዶ የሚቀብር ጀማዓ ከከተማ እስኪመጣ ዓይኑ መንገድ መንገዱን ያያል። መቶ «አሚን» የሚል አስተያየት አስከሬን አይሸከምም። አራት ትከሻ ይሸከማል።

ኢማሙ ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ያለው ሐቅ ስድስት ነው፦ ሲያገኘው ሰላምታ ማቅረብ፣ ሲጠራው ጥሪውን ማክበር፣ ምክር ሲጠይቀው በቅንነት መምከር፣ አስነጥሶ አላህን ሲያመሰግን ዱዓ ማድረግ፣ ሲታመም መጠየቅ፣ ሲሞት መሸኘት። አንድ በአንድ ቁጠሯቸው። አጠገቡ ያልተገኘ ሰው የወንድሙን ማስነጠስ በምን ይሰማል? ሰላምታና ምክር በስልክም ይደርሳሉ፤ ጥሪ ማክበር፣ በሽተኛ መጠየቅና ጀነዛ መሸኘት ግን እግር ይፈልጋሉ። እግር ሄዶ ልብ ከቀረ ደግሞ ግማሹ ሐቅ ዕዳ ሆኖ ይቆያል።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

ሸሪዓችን ለዚህ የሚሆን አደብ አስቀድሞ አስቀምጦልናል። አራቱን ብቻ ላንሳ።

አንደኛ፣ በጁሙዓ ኹጥባ። በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ወለሉ ጠጠር ነበር። ኢማሙ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ በኹጥባ ጊዜ ጠጠር የሚነካካ ሰው ከንቱ ነገር እንደሠራ ተቆጥሯል። ጠጠር መልእክት የለውም፣ ቪዲዮ የለውም። ዛሬ ጠጠራችን ኪሳችን ውስጥ ነው። መስጂድ በር ላይ ጫማ ስናወልቅ ስልኩንም አጥፍተን እንግባ።

ሁለተኛ፣ ሦስት ሆነን ስንቀመጥ። ሁለት ሰዎች ሦስተኛውን ትተው ለብቻቸው እንዳያንሾካሹኩ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለዋል፤ ምክንያቱንም ሲነግሩን ያሳዝነዋል ብለዋል። ሐዲሱ ቡኻሪና ሙስሊም ዘንድ ይገኛል። አንዱ ጓደኛችን እያየን፣ እኛ ስክሪን ላይ ከሌላ ሰው ጋር እየሳቅን ስንጽፍ ያ ሦስተኛው ሰው ምን ይሰማዋል? የተከለከለበት ምክንያት ሐዘኑ ከሆነ፣ ሐዘኑ እዚህም አለ።

ሦስተኛ፣ እንግዳና ወላጅ ፊት። ሥራ ያለው ሰው መደወሉ አይቀርም፤ ነጋዴ ነው፣ ሹፌር ነው፣ የታመመ ዘመድ አለው። እንዲህ ያለው ሰው «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህቺን ስልክ ላንሳ» ብሎ ይነሳ፤ ከቤት ወጥቶ ያውራ፤ ሲመለስ ስልኩን ኪሱ ይክተት። ያስፈቀደ ሰው አላዋረደም። የሚያዋርደው ሳይነሱ፣ ሳያስፈቅዱ፣ «እህ… እህ…» እያሉ ዓይንን መስረቅ ነው።

አራተኛ፣ ለቅሶ ቤትና መርዶ። የሟች ቤተሰብ ራሱ ሳያውቅና ሳይፈቅድ የሞት ዜና አንለጥፍ። ለመጻፍ ከመቸኮል ለመሄድ እንቸኩል። ስንደርስ ስልኩን እናጥፋና ከሟቹ ልጅ አጠገብ እንቀመጥ። የምንለው ቃል ባይመጣልን እንኳ ዝም ብለን እንቀመጥ። ሐዘንተኛ የንግግራችንን ማማር አያስታውስም፤ ማን አጠገቡ እንደነበረ ግን አይረሳም።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ አባቶቻችን አባይ እስኪጎድል ወራት ጠብቀው አንዲት መልእክት ያደርሱ ነበር። ሲያደርሱም ቁጭ ብለው፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ነው። እኛ መልእክቱን በቅጽበት እንልካለን፤ ቁጭ ማለቱን ግን እየረሳን ነው። ሁለቱንም መያዝ ይቻላል። የከተማችን ስም ፍኖተ ሰላም፣ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ሰላምታ በሐዲስ ከተቆጠሩት ሐቆች የመጀመሪያው ነው፤ ሰላም ለማለትም መጀመሪያ ቀና ማለት ያስፈልጋል።

ዛሬ ማታ ከመግሪብ በኋላ ቤታችሁ ቡና ሲፈላ፣ ነቢያችሁ (ሰ.ዐ.ወ) ያን ቀለበት ያወለቁበትን ዕለት አስታውሱ። ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡና እስከ በረካ ተቀመጡ። እናታችሁ ልትነግራችሁ ያሰበችው ነገር ይኖር ይሆናል።

አላህ ዓይናችንንና ልባችንን አንድ ቦታ የሚያስቀምጥ፣ የወላጆቻችንን፣ የጎረቤቶቻችንንና የወንድሞቻችንን ሐቅ የምንወጣ ያድርገን። በሐዘን ያሉትን ያጽና፣ የሞቱትን ይማር፣ አገራችንን ሰላም ያድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።